በ2017 ዓ.ም. አንድም ዘፈን ሳትዘሉ እስከ መጨረሻው ያዳመጣችሁት የሮክ አልበም የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ከሄርማታ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዓመቱ ሊጠናቀቅ የጳጉሜን ቀናት ብቻ ቀርተውታል። እኔም እንደ ልማዴ በዓመቱ ያዳመጥኋቸውን የሮክ አልበሞች የምመዘግብበትን ደብተር አውጥቼ ስመለከት ሰነበትሁ። የውጭ መጽሔቶች የዓመቱን ምርጥ አልበሞች የሚመርጡት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመሆኑ የእነሱ ዝርዝርና የእኔ ዝርዝር አይገጣጠሙም፤ እኔ ዓመቱን የምቆጥረው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ነው። ይህን የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ጅማ ውስጥ አንድ አልበም የሚታወሰኝ ከሰማሁበት ወቅት ጋር ተያይዞ ነው። በቡና ለቀማ ጊዜ የሰማሁት ከለቀማው ጋር፣ በክረምት የሰማሁት ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ ጋር አብሮ ይመጣብኛል፤ ስለዚህ ዓመቱን በታኅሣሥ መገባደጃ ብቆርጠው ትዝታዬም አብሮ የሚቆረጥ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ለምርጫዬ የያዝሁት መመዘኛ አንድ ብቻ ነው። አልበሙ ሙዚቀኞቹ ባስቀመጡት ተራ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይዘለል መደመጥ የሚችልና የሚገባው መሆን አለበት። ወደዚህ መመዘኛ ያደረሰኝ በኅዳር ወር የገጠመኝ ነገር ነው። ዘ ኪዩር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ» የተሰኘውን አልበሙን ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. አወጣ። ባንዱ ከዚያ በፊት አዲስ አልበም ያወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ስለነበር አድናቂዎቹ 16 ዓመት ሙሉ ጠብቀናል። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱ አልሆነልኝምና ዘፈኖቹን አንድ ሙዚቃ ቤት ሄጄ በፍላሽ አስጫንሁ። የጫነልኝ ልጅ ስምንቱን ዘፈኖች በላቲን ፊደል ተራ ደርድሯቸው ኖሮ፣ መክፈቻው «አሎን» ሦስተኛ፣ ስሙ ራሱ መዝጊያ መሆኑን የሚናገረው «ኤንድሶንግ» ደግሞ ስድስተኛ ሆነው ይመጡልኝ ነበር። እኔም ይህን ሳላውቅ ከአንድ ሳምንት በላይ በዚያው ተራ አዳመጥሁት። ዘፈኖቹ መልካም መሆናቸው ባይጠፋኝም፣ ሰው ሁሉ ለምን ይህን ያህል እንደተነካባቸው ሊገባኝ አልቻለም ነበር።

ትክክለኛውን ተራ አግኝቼ ዳግመኛ ያዳመጥሁት ማና ወረዳ ባለው የዘመዶቼ ቡና ማሳ ነው። ቀን የተለቀመው እሸት ቡና በማድረቂያው አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ እኔ ተራዬ ደርሶ ሌሊቱን ስጠብቅ ማዳመጫውን በጆሮዬ ሰክቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። «አሎን» ውስጥ የባንዱ ድምፃዊ የሮበርት ስሚዝ ድምፅ የሚሰማው ሙዚቃው ከ3 ደቂቃ በላይ ብቻውን ከተጓዘ በኋላ ነው። ይህ ረጅም መግቢያ በሦስተኛ ቦታ ሲሰማ የተንዛዛ መስሎኝ ነበር፤ በመጀመሪያ ቦታው ላይ ሲሆን ግን ሰውን ከሥራውና ከሐሳቡ ቀስ አድርጎ አላቅቆ የሚያስቀምጥ ነው። ስድስተኛው ዘፈን ስሚዝ ስለሞተው ታላቅ ወንድሙ ስለ ሪቻርድ የጻፈው ነው። ከዚያ አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቶ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው መዝጊያ ይከተላል፤ በእሱም ውስጥ ድምፃዊው እንደ መክፈቻው ሁሉ ብዙ ጠብቆ ነው የሚገባው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዘፈን በሁለት በኩል እንደ ቆሙ የበር መቃኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ኀዘን በእነሱ ተደግፎ ይቆማል። እኔም ወንድሜን በሞት ያጣሁ ሰው ነኝና ያን ሌሊት ዘፈኑን አቋርጬ መነሣት አልቻልሁም። አልበሙ በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ መሆኑን፣ ባንዱም ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ደረጃ ሲያገኝ የመጀመሪያው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ደስ ቢለኝም በእኔ ምርጫ ላይ የጨመረው ነገር የለም። የዓመቱ አንደኛዬ ይህ ነው።

በዚሁ መመዘኛ ሁለት አልበሞች ተከትለውት ይመጣሉ። እንግሊዛዊው ስቲቨን ዊልሰን መጋቢት 5 ቀን ያወጣው «ዚ ኦቨርቪው» የያዘው ሁለት ሥራዎችን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው 23 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 18 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሐሳቡ የተነሣው ጠፈርተኞች ምድርን ከሩቅ ሲያይዋት ከሚሰማቸው የአእምሮ ለውጥ ነው። አንዱን ቁራጭ ብቻ መርጦ ማዳመጥ ለማይቻልበት ለዚህ ዓይነት አሠራር ክብር አለኝ፤ ሆኖም ሁለተኛው ክፍል ላይ ሙዚቃው ከልብ ይልቅ ለአእምሮ የተሠራ ይመስለኛል። የስዊድኑ ባንድ ኦፔዝ ደግሞ ኅዳር 13 ቀን «ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት» የተባለውን አወጣ። ታሪኩ አንድ ባለጸጋ አባት ከሞተ በኋላ ስለሚነበብ ኑዛዜ ሲሆን፣ ከመጨረሻው በስተቀር ዘፈኖቹ ስም የላቸውም፤ እንደ ሕግ ሰነድ በአንቀጽ ቁጥር ብቻ ይጠራሉ። የባንዱ ድምፃዊ ሚካኤል ኦከርፌልት ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአልበም ላይ የተወውን ያን ከጉሮሮ የሚወጣ ሻካራ ድምፁን መልሶበታል። ጄትሮ ተል የተባለው ባንድ መሪ ኢያን አንደርሰንም በትረካውና በዋሽንቱ ተሳትፏል። ኑዛዜ ሲነበብ አንቀጽ ዘልሎ መስማት የሚፈልግ ወራሽ እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም መዝለል አይቻልም።

የዴፍቶንስ «ፕራይቬት ሚዩዚክ» እና የተርንስታይል «ኔቨር ኢናፍ» ጉልበት ያላቸው መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ግን ከሁለቱም የምወዳቸውን ዘፈኖች መርጬ ስሰማ ተገኝቻለሁ፤ ስለዚህ ከዝርዝሬ ወጥተዋል። ድሪም ቲያትር ከበሮ መቺውን ማይክ ፖርትኖይን ከመለሰ በኋላ ያወጣውን አልበምም ሁለት ጊዜ ጀምሬ አልጨረስሁትም።

እጄን የያዘኝ አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። የኒጀሩ ጊታሪስት ኤምዱ ሞክታር የካቲት 21 ቀን ያወጣው «ቲርስ ኦፍ ኢንጀስቲስ» ከዚያ በፊት በኤሌክትሪክ ጊታር የሠራቸውን ዘፈኖች በቦክስ ጊታር መልሶ የተጫወተበት ነው። ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራን ነገር የሮክ አልበም ብሎ መጥራት ይገባል ወይ በሚለው ላይ መወሰን ስላቃተኝ ለጊዜው ትቼዋለሁ። እናንተስ በዚህ ዓመት ሳትዘሉ እስከ መጨረሻው ያዳመጣችሁት የትኛውን ነው? ለምን እንደሆነም ብትጽፉልኝ ደብተሬን ከመስከረም 1 በፊት አስተካክለዋለሁ።


መልስ፦ ቦክስ ጊታር

ወንድሜ፣ የፊደል ተራው ታሪክ እኔም ላይ ደርሶብኛልና በደንብ ገብቶኛል። ይሁንና ኤምዱ ሞክታርን ከዝርዝሩ ማስወጣትዎ ትክክል ስላልመሰለኝ ምክንያቴን ሰፋ አድርጌ ላቅርብ።

በመጀመሪያ አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤምዱና ባልደረቦቹ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ እየተዘዋወሩ ሲጫወቱ ሳሉ በአገራቸው በኒጀር መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ ድንበርና ሰማይ ተዘጋ፤ ወደ ቤታቸውም መመለስ አልቻሉም። «ፊውነራል ፎር ጀስቲስ» የተባለው ባለ ኤሌክትሪኩ አልበም በዚያ ጊዜ ተቀድቶ ያለቀ ቢሆንም ገና አልወጣም ነበር፤ የወጣው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። እነሱም እዚያው ኒው ዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ገብተው ያንኑ ሥራ በሁለት ቀን በቦክስ ጊታር መልሰው ቀዱት። በኋላ ሪትም ጊታር ተጫዋቹ አህሙዱ ማዳሳን ወደ አገሩ ሲመለስ አነስተኛ መቅረጫ ይዞ ሄዶ በሰሃራ የሚኖሩ የቱዋሬግ ሰዎች በቅብብል ሲዘምሩ ቀርጾ አመጣና በሥራው ላይ ተጨመረ። እንግዲህ አንዱ አልበም «የፍትሕ ቀብር»፣ ሌላው «የግፍ እንባ» የሚል ስም መያዙን ልብ ይበሉ። ቀብሩ ላይ ጩኸት አለ፤ እንባው የሚመጣው ለቀስተኛው ተበትኖ ሰው ብቻውን ሲቀር ነው። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፤ ሰዎቹ ግን የሚዘፍኑት አሁን ቤታቸው መግባት የማይችሉ ሆነው ነው።

ሮክ መሆኑን በተመለከተ የእኔ እምነት ሮክ በሽቦው ውስጥ በሚሄደው ኤሌክትሪክ አይለካም የሚል ነው። እኔ ራሴ በጅማ መብራት በጠፋ ቁጥር የምጫወተው በቦክስ ጊታር ነው፤ መብራት ሲጠፋ የምጫወተው ሙዚቃ ዓይነቱ አይለወጥም። ኤሌክትሪኩ ሲነሣ የቀረው ነገር ምን እንደሆነ ያዳምጡ፤ የሱለይማን ኢብራሂም ከበሮ እንደ ግመል ጉዞ የሚወዛወዘውን አካሄዱን አልተወም፤ ጊታሩ እየደጋገመ የሚመታት አጭር ሐረግም አልተለወጠችም። በኤሌክትሪኩ አልበም ላይ የኤምዱ ጣቶች ከመፍጠናቸው የተነሣ ዜማው በጩኸቱ ውስጥ ይሸፈናል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል። ለእኔ ለተማሪው ደግሞ ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ወደ እኛም የሚያቀርበው ነገር አለ። ከአገራችን ቅኝቶች አንዱ የሆነው የባቲ ማይነር አምስቱ ድምፆች የብሉዝ ጊታር ከቆመባቸው አምስት ድምፆች ጋር በአቀማመጥ አንድ ናቸው፤ የቱዋሬግ ጊታርም አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው በእነዚሁ ዙሪያ ነው። በዚህ ምክንያት ከአልበሙ ጋር አብሬ ስጫወት ጣቶቼ አዲስ አገር የሄዱ አይመስላቸውም፤ ባቲን ያጠናሁበት ቦታ ላይ ነው የሚያርፉት። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. በተወለደባት በጅማ ከተማ ውስጥ ተቀምጠን፣ የእኛን ቅኝትና የሌላውን ዓለም መሣሪያ ማገናኘት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ልንጠራጠር የሚገባን አይመስለኝም።

ሌላም ልጨምር። ኤምዱ የመጀመሪያ ጊታሩን ራሱ ነው የሠራው፤ ክሮቹንም ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው ያወጣቸው። የመጀመሪያ ሥራዎቹ በሰሃራ ዙሪያ የተሰራጩት ሰዎች በእጅ ስልካቸው ሚሞሪ ካርድ ከአንዱ ወደ ሌላው እየገለበጡ ነው። እርስዎ ዘፈን በፍላሽ ያስጫኑበት መንገድና የእሱ ሙዚቃ ከመንደሩ የወጣበት መንገድ አንድ ነው ማለት ነው። የእኔ የዓመቱ አልበም ይህ ነው፤ ከየካቲት ወዲህ ሳልዘል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠሩን ትቻለሁ።


መልስ፦ የኪቶ ተማሪ

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ የምመርጠው ሊንኪን ፓርክ ኅዳር 6 ቀን ያወጣውን «ፍሮም ዚሮ» ነው፤ ብዙዎች ለእንዲህ ዓይነት ዝርዝር የማይመጥን አድርገው እንደሚያዩት ስለማውቅ ምክንያቴን እገልጻለሁ።

የባንዱ ድምፃዊ ቼስተር ቤኒንግተን በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ራሱን ባጠፋ ጊዜ እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እንግሊዝኛውን በሙሉ ሳልረዳው በፊት ድምፁን ተረድቼው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ በውስጤ የነበረውን ለማንም መናገር የማልችለውን ነገር እሱ ይጮህልኝ ስለነበር፣ ከሞቱ በኋላ ለብዙ ጊዜ የባንዱን ሙዚቃ መክፈት አልቻልሁም። ነሐሴ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ባንዱ ኤሚሊ አርምስትሮንግ የተባለች አዲስ ድምፃዊት ይዞ መመለሱን ሲያስታውቅ የተሰማኝ ነገር ቁጣ ነበር፤ አንድ ሰው የሟችን ወንበር ያለ ፈቃድ የያዘ መሰለኝ። አልበሙን የሰማሁት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከፍታው ስለነበር ነው እንጂ ፈልጌ አልነበረም።

ዛሬ የማስበው ከዚያ የተለየ ነው። ኤሚሊ ቼስተርን ለመምሰል አትሞክርም። ድምፅዋ ሲሰነጠቅ በራሷ መንገድ ነው የሚሰነጠቀው፤ ሌላው የባንዱ ድምፃዊ ማይክ ሺኖዳም ከእሷ ጋር ሲቀባበል ከቼስተር ጋር ይቀባበል ከነበረበት ስልት ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቦታ ይለቅላታል። የአልበሙ ስም ከዜሮ መነሣትን የሚናገር ቢሆንም፣ ባንዱ ገና ሲመሠረት ዚሮ ይባል እንደነበር ለሚያውቅ ሁለተኛ ትርጉም አለው፤ ከሞት በኋላ የሚጀመር ዜሮና ከዝና በፊት የነበረ ዜሮ በአንድ ቃል ተገናኝተዋል። ይህን ሳስተውል ነው ቁጣዬ የለቀቀኝ።

መመዘኛውን በተመለከተ ደግሞ፣ ከሄርማታ የጻፉት ወንድሜ ረጃጅሞቹን ብቻ ያከበሩ ይመስለኛል። «ፍሮም ዚሮ» 11 ዘፈኖች ይዞ ከ32 ደቂቃ አይበልጥም። ከዶርም ተነሥቼ ቁርስ በልቼ ክፍል እስክደርስ ድረስ አንድ ጊዜ በትክክል ያልቃል፤ ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሳልዘል የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው። ዳታዬንም አይበላብኝም፤ አንድ ጊዜ በሌሊት ጥቅል አውርጄው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። አልበም ለመደመጥ የአንድ ሌሊት ጥበቃ የግድ አያስፈልገውም፤ የሚራመድ ሰው የሚጨርሰው አልበምም ሙሉ አልበም ነው።


መልስ፦ ዝናብ ወዳድ

አንድ የቀን ጉዳይ ብቻ ላንሣ። የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞር «ላክ ኤንድ ስትሬንጅ» የወጣው ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በጠያቂው አቆጣጠር በአምስት ቀን ዓመቱን ስቶታል ማለት ነው። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን የተሠራው በ2008 እ.ኤ.አ. ያረፈው የፒንክ ፍሎይድ ኪቦርድ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ከጊልሞር ጋር በተቀረጸው ጨዋታ ላይ ነው፤ የጊልሞር ልጅ ሮማኒም በሌላ ዘፈን ላይ ብቻዋን ታዜማለች። ሟች ጓደኛና ልጅ በአንድ አልበም ላይ ሲገናኙ በአምስት ቀን ምክንያት ከዝርዝር መውጣቱ ያሳዝነኛል። እኔ ያዳመጥሁት እንቁጣጣሽ ዕለት በመሆኑ በ2017 እንዲቆጠርልኝ እጠይቃለሁ።


መልስ፦ አባ ካሴት

ልጆቼ፣ ስታነጋግሩ ደስ ትላላችሁ። በእኛ ጊዜ ይህ ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር። ካሴት መዝለል ማለት ቴፑን እያሽከረከሩ ወደፊት ማስኬድ፣ ባትሪ መጨረስና ክሩን ለመቆራረጥ አሳልፎ መስጠት ስለነበር፣ ሳይድ ኤ እስኪያልቅ ጠብቀን ገልብጠን ሳይድ ቢን እንሰማለን። ሮክ ወደ ጅማ የሚመጣልን ከአዲስ አበባ በሚመለሱ ጓደኞች ሻንጣ ነበር፤ የተቀዳው ከተቀዳ ላይ ስለሆነ ድምፁ ቢደክምም ተራው ግን ተጠብቆ ነበር የሚደርሰን። የመረጣችኋቸውን ዘፈኖች ያስቀመጣቸው ሰው አስቦበት መሆኑን የተማርነው ከምርጫ እጦት ነው።

የእኔ ዓመት የተዘጋው ሐምሌ 15 ቀን የብላክ ሳባት ባንድ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝቦርን በ76 ዓመቱ ሲያርፍ ነው። ከዚያ 17 ቀን በፊት፣ ሰኔ 28፣ ተወልዶ ባደገበት በበርሚንግሃም ከተማ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ በዙፋን ላይ ተቀምጦ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ፤ የብላክ ሳባት አራቱም የመጀመሪያ አባላት ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ መድረክ ላይ ቆሙ። የልጅ ልጄ በስልኩ ያመጣልኝን ቁራጭ አየሁና ለብዙ ሰዓት ሌላ ነገር መሥራት አልቻልሁም። ድምፁ ደክሟል፤ ሕዝቡ ግን የጎደለውን እየሞላለት ይዘፍን ነበር።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን የሰማሁት አዲስ አልበም የለም። ወደ ብላክ ሳባት «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ተመለስሁ፤ 1971 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ስለ ጊታር የጻፍከው ልጅ ይህን ታውቅ ይሆናል፦ የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫኑት እነዚያው ጣቶች ነበሩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው። ክሮቹ እንዲላሉለትም ቀጫጭን ክር መረጠ፤ በዚህኛው አልበም ላይ ደግሞ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ያ ዛሬ ሁሉም የሚመስለው የከበደ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ ድምፅ ከቆሰለ እጅ የተገኘ ነው። ኦፔዝም ሆነ ዴፍቶንስ፣ ከላይ የጠራችኋቸው ብዙዎቹ ያለዚያ እጅ የሚኖሩ አይመስለኝም።

ከአዲሶቹ አንድ ምረጥ ካላችሁኝ ጎስት የተባለው የስዊድን ባንድ ሚያዝያ 17 ቀን ያወጣውን «ስኬሌታ» እላለሁ፤ ዜማ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የወጣትነቴን ድምፅ አግኝቼበታለሁ። አንድ የሚቆጨኝ ግን በዝርዝራችሁ ውስጥ የአገራችን የሮክ አልበም አለመኖሩ ነው። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ሲያወጣ፣ አማርኛ በከበደ ጊታር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያሳየን መስሎኝ ብዙ ተከታይ ጠብቄ ነበር።


መልስ፦ ቦክስ ጊታር

ጋሼ፣ ስለ አዮሚ ጣት የጻፉትን አመሰግናለሁ፤ ቀጫጭን ክር የምጠቀምበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ስለ ጃኖ ያሉትም ልክ ነው። አማርኛ ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ቋንቋ በመሆኑ የሚጠብቀው ፊደል ከከበሮው ጠንካራ ምት ጋር ካልገጠመ ግጥሙ ይሰበራል፤ እነሱ ይህን የፈቱት ባለ ብዙ ድምፃዊ በመሆን፣ ረጃጅም ስንኞችን ተከፋፍለው በመያዝ ይመስለኛል። እኛ እዚህ ሦስት ሆነን የምንለማመድ ልጆች ዋናው ችግራችን ይኸው ነው፤ ጊታሩ ተገኝቷል፣ ግጥሙ ገና አልተቀመጠልንም።


መልስ፦ ከሄርማታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ለኪቶዋ እኅቴ፦ ረጅሙን ብቻ አክብረዋል ያሉኝ እውነት ነው። «ፍሮም ዚሮ»ን ያለፍሁት አንድም ጊዜ ሙሉውን ሳልሰማ ነበር፤ መመዘኛዬን ራሴ ሳልጠብቅ በሌላው ላይ መጫኔ አግባብ ስላልሆነ ትናንት ከአጂፕ እስከ ቤቴ በእግሬ እየሄድሁ ሰማሁት። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ስደርስ በሬን አልከፈትሁም፤ እስኪያልቅ ውጭ ቆምሁ። በደብተሬ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል፤ ስቲቨን ዊልሰን ወደ አምስተኛ ወርዷል።

የጊልሞርን አልበም በተመለከተ ቀኑን መግፋት አልችልም፤ ለአንዱ ከገፋሁ ለሌላውም መግፋት ይኖርብኛል። ነገር ግን በ2016ቱ ገጽ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ስለነበረ እዚያ ጽፌዋለሁ፤ የዚያ ዓመት የመጨረሻው አልበም እሱ ነው። ጋሼ፣ የእርስዎን ምርጫ በአዲስ አልበም ተራ ላስገባው ባልችልም ገጹ አናት ላይ የኦዚን ስምና ሐምሌ 15ን አስፍሬያለሁ።

አሁን ስለ ኤምዱ ሞክታር ልጻፍ። ትናንት ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ዝናቡም ይጥል ነበር። ቦክስ ጊታር የጻፉልኝን እያሰብሁ «ቲርስ ኦፍ ኢንጀስቲስ»ን ከመጀመሪያው አስጀመርሁት። እናቴ የቱዋሬጎቹን ቋንቋ ታማሼክን አታውቅም፤ ሮክም አትሰማም፤ ሻማውን ይዛ ገብታ ስታበቃ ሳትወጣ ቀረች። በኋላ የተጨመረው የሰዎች ቅብብል ሲመጣ «ይህ የማን ልቅሶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አገራቸው መግባት ስላቃታቸው ሰዎች መሆኑን ነገርኋት፤ ከዚያ ሁለታችንም እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ከዘ ኪዩር ቀጥሎ ሁለተኛ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ሮክ ነው አይደለም የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ቦክስ ጊታር ወንድሜ፣ ባቲ ማይነርን ከአልበሙ ጋር ሲያጠኑ ከየትኛው ዘፈን እንደጀመሩ ቢነግሩኝ፣ በቤቴ ግድግዳ ላይ ለሁለት ዓመት ተሰቅሎ የቆየ ጊታር አለኝና እሑድ አውርጄው ክሩን ልቀይርለት አስቤያለሁ።